ስለ ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ለተጠየቅናቸው ሦስት ጥያቄዎች የዘገየ መልስ

በ2017 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር፥ በጂንካ ከተማ ካሉት ትምህርት ቤቶች በአንዱ ተገኝተን ስለ ትምባሆ ጕዳት ንግግር እንድናደርግ ተጠርተን ነበር። የጥሪው ምክንያት መምህራኑ በተማሪዎች ኪስና ቦርሳ ውስጥ አንዲት እንግዳ ዕቃ ማግኘት መጀመራቸው ነው። ዕቃይቱ ርዝመቷ ጣት የሚያህል፥ መልኳ የኮምፒዩተር ፍላሽ የሚመስል፥ ሽታዋም የበሰለ ማንጎ የሚያስታውስ ነበረች። ተማሪዎቹ «ቬፕ» ይሏታል፤ በመጽሐፍ ቋንቋ ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ የምትባለው ናት።

በዚያን ቀን ብዙ ተናገርን፤ ከሚገባውም በላይ ተናገርን። «ይህች ዕቃ ሳንባን ፈንዲሻ ታስመስለዋለች» አልን። «ከሲጋራ እጅግ የከፋች ናት» አልን። አዳራሹ ጸጥ ስላለ የተናገርነው ሁሉ የታመነልን መስሎን ደስ አለን። ጨርሰን ወረቀታችንን ስናጥፍ ግን አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ከወደ ኋላ እጁን አነሣና በትሕትና ቆሞ እንዲህ ሲል ጠየቀን፤

«ዶክተር፥ ሦስት ጥያቄ አለኝ። አንደኛ፥ በዚህ ዕቃ ምክንያት ሳንባው ፈንዲሻ የሆነበት ሰው ማን ነው? ሁለተኛ፥ የእንግሊዝ አገር የጤና መሥሪያ ቤት ከሲጋራ በብዙ ይሻላል ብሏል፤ የእኛው ደግሞ ይከፋል ይላል፤ የሰው ሳንባ እንደ አገሩ ይለያያል ወይ? ሦስተኛ፥ ከትምህርት ቤታችን በር ፊት ለፊት ሲጋራ በፍሬ ይሸጣል፤ ያ ተፈቅዶ ይህ የተከለከለው ለምንድን ነው?»

ተማሪዎቹ አጨበጨቡለት። እኛም «ሕግ ነው፤ ሕግ ደግሞ ይከበራል» ብለን ተቀመጥን። የሥነ ሕይወቱ መምህር እስከ በሩ ድረስ ሲሸኙን ቀስ ብለው፥ «ዶክተር፥ ልጁን ዝም አሰኙት እንጂ አልመለሱለትም» አሉን። (እኛ ሐኪም ሳንሆን የጤና መኰንን ነን፤ ነገር ግን በከተማችን ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ስለሚባል ይህን ማረም ከተውነው ቈይተናል።) የመምህሩ ቃል ግን ሳይለቀን ከረመ። ይህን ጽሑፍ የምናቀርበው ለዚያ ተማሪ መልስ እንዲሆን ነው፤ ከዚያም በኋላ በቀበሌ ስብሰባ፥ በመናኸሪያና በቡና ቤት ያንኑ ጥያቄ በሌላ ቃል የጠየቁን ብዙዎች ስለ ሆኑ፥ ለእነርሱም ጭምር ነው።

አስቀድሞ ዕቃይቱ ምን እንደ ሆነች መናገር ይገባል። በዛሬው መልኳ ያወጣት ሆን ሊክ የሚባል ቻይናዊ የመድኃኒት ቀማሚ ነው፤ ዘመኑም በአውሮፓ አቈጣጠር 2003 ነው። እርሱ ራሱ ሲጋራ አጫሽ ስለ ነበረ ሲጋራውን የሚተካለት ነገር ይፈልግ ነበር። በውስጧ ትንሽ ባትሪ፥ የሽቦ ጥምጥም፥ ጥጥ የመሰለ ክርና ፈሳሽ አለ። ሰው አፉን አስጠግቶ ሲስብ ሽቦው ይግላል፤ ፈሳሹም ወደ ደቃቅ ጠብታ ተለውጦ እንደ ጉም ይወጣል። የሚነድ ነገር የለም፤ ስለዚህም አመድ የለም። ሲጋራን ገዳይ ካደረጉት ነገሮች ዋነኞቹ ከቅጠሉ መቃጠል የሚመጡት ዝፍትና የከሰል መርዝ መሆናቸው የታወቀ ነው፤ ከዚህች ዕቃ የሚወጣው ጉም ከእነዚህ እጅግ ያነሰ ነው። ይህ እውነት ነው፤ በዚያን ቀን በአዳራሹ ውስጥ ልንክደው አይገባንም ነበር።

ይሁን እንጂ ሻጮቹ እንደሚሉት የውኃ እንፋሎት አይደለም። ፈሳሹ ፕሮፒሊን ግላይኮልና ግሊሰሪን የሚባሉ ቅመሞች፥ ልዩ ልዩ የማጣፈጫ ሽቶዎች፥ ብዙውን ጊዜም ኒኮቲን አለበት። ሽቦው ከልክ በላይ ሲግል ፎርማልዲሃይድ የሚባለው መርዝ ይፈጠራል፤ ከሽቦውና ከብየዳውም እንደ ኒኬል፥ ክሮሚየምና እርሳስ ያሉ ብረቶች ወደ ጉሙ ይገባሉ። ኒኮቲን ደግሞ ሱስ የሚያስይዘው ያው የትምባሆው ቅመም ነው። የሰው አእምሮ እስከ 25 ዓመት ገደማ ድረስ እያደገ ስለሚሄድ፥ በወጣትነት የተያዘ ሱስ በቀላሉ አይላቀቅም።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። ሳንባው ፈንዲሻ የሆነበት ሰው ማን ነው? መልሱ፥ በዚህች ዕቃ ምክንያት እንዲህ ያለ በሽታ እንደ ያዘው የተረጋገጠ ሰው እኛ አናውቅም የሚል ነው። ስያሜው የመጣው ከሌላ ታሪክ ነው። በ2000 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በሚዙሪ ክፍለ ሀገር በአንድ የፈንዲሻ ፋብሪካ የሠሩ 8 ሰዎች የሳንባቸው ቀጫጭን ቧንቧዎች ጠባሳ አውጥተው ተገኙ። ምክንያቱ ለፈንዲሻው የቅቤ ጣዕም የሚሰጠው ዳይአሴቲል የሚባል ቅመም ነበር። በ2015 እ.ኤ.አ. ደግሞ በሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የሚገኙ ተመራማሪዎች 51 ዓይነት የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ፈሳሾችን መርምረው ይኸው ቅመም በ39ኙ ውስጥ እንዳለ አስታወቁ። ግኝቱ እውነተኛ ነው፤ ጥንቃቄም ይገባዋል። ነገር ግን ወሬው ከአፍ ወደ አፍ ሲዘዋወር «ቅመሙ ተገኘ» የሚለው «ሳንባው ፈነዳ» ወደሚል ተለወጠ፤ በሲጋራ ጢስ ውስጥ ዳይአሴቲል ከዚያ በበለጠ መጠን እንደሚገኝም ሳይነገር ቀረ። እኛም የተለወጠውን ወሬ ሳንመረምር በአዳራሽ ደገምነው። ተማሪው ያረመን በትክክል ነው።

እንዲህ ያለው ስሕተት በእኛ የተጀመረ አይደለም። በሐምሌ 2009 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት የሁለት ኩባንያዎችን ዕቃ መርምሮ ማስጠንቀቂያ አወጣ። ከተመረመሩት 18 ቀለሆች በአንደኛው ውስጥ፥ በመኪና ውኃ ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚገባው ዳይኤቲሊን ግላይኮል የተባለ መርዝ ከመቶ 1 ያህል ተገኘ፤ ካንሰር የሚያመጡ የትምባሆ ቅመሞችም ተገኙ። ጋዜጦቹ መርዙን በትልቅ ፊደል ጻፉት፤ ከ18ቱ በአንደኛው ብቻ መገኘቱን ግን በትንሽ ፊደል። አጫሾቹም ቍጥሩን ራሳቸው አንብበው፥ «የካንሰሩ ቅመም መጠን ለማቆሚያ በሚታዘዘው የኒኮቲን ፕላስተር ውስጥ ካለው ጋር ይቀራረባል፤ ይህን ለምን አልነገራችሁንም?» ብለው ጠየቁ። በዚያን ወቅት መሥሪያ ቤቱ ከአስመጪዎቹ ጋር በፍርድ ቤት ይከራከር ስለ ነበረ፥ ማስጠንቀቂያው ከጤና ምክር ይልቅ የክርክር መሣሪያ የመሰላቸው ጥቂቶች አልነበሩም።

ከ10 ዓመት በኋላ የባሰ ነገር መጣ። በ2019 እ.ኤ.አ. በበጋ በአሜሪካ ወጣቶች በድንገት ትንፋሽ እያጠራቸው ወደ ሆስፒታል ይገቡ ጀመር። እስከ የካቲት 2020 እ.ኤ.አ. ድረስ ሆስፒታል የገቡትና የሞቱት 2,807 ደረሱ፤ ከእነርሱም የሞቱት 68 ነበሩ። መጀመሪያ ላይ ምክንያቱ ስላልታወቀ የተሰጠው ማስጠንቀቂያ ኤሌክትሮኒክ ሲጋራን ሁሉ የሚመለከት ነበር፤ ይህም በዚያ ሰዓት የሚያስነቅፍ አይመስለንም። ኋላ ግን በአብዛኞቹ ታማሚዎች ላይ የተገኘው ከካናቢስ በተሠራ ዘይት ላይ የተደባለቀ የቫይታሚን ኢ አሲቴት ቅባት ሆነ፤ ዘይቱም ባብዛኛው ከጓደኛና ከመንገድ ሻጭ የተገዛ እንጂ ፈቃድ ካለው ሱቅ የመጣ አልነበረም። በጥር 2020 እ.ኤ.አ. መሥሪያ ቤቱ ምክሩን አስተካከለ። ማስተካከያው ግን እንደ መጀመሪያው ጩኸት ርቆ አልተሰማም። ዛሬም ድረስ አንዱ ወገን «በኒኮቲን ቬፕ 68 ሰው ሞተ» ሲል ይሰማል፤ ሌላው ደግሞ «ሁሉም ውሸት ነበር» ይላል። ሁለቱም ተሳስተዋል።

ከዚህ ታሪክ ለጂንካ የሚጠቅመው አንድ ነጥብ አለ፥ እርሱም ከሁሉ ይልቅ ሊሰመርበት የሚገባ ነው። በእንግሊዝ አገር በሕግ በሚሸጠው ፈሳሽ ውስጥ ኒኮቲን በ1 ሚሊ ሊትር ከ20 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ተወስኗል፤ ዕቃው ይመዘገባል። በእኛ ከተማ ግን የምትገኘው እያንዳንዷ ቬፕ በጓሮ በር የገባች ናት፤ አንዷም በማንም አልተመረመረችም። በልባሷ ላይ «ኒኮቲን የለበትም» ተብሎ ቢጻፍ የጻፈውን የሚጠይቀው የለም። ስለዚህ በለንደን ሱቅ ስላለው ዕቃ የተባለውን መልካም ቃል በመንገድ ላይ በእጅ በምትሸጠው ላይ መለጠፍ አይቻልም። ተጠራጣሪው «ያልተመረመረችው እናንተ ስለ ከለከላችኋት አይደለም ወይ?» ቢለን፥ በከፊል አዎን እንላለን። ክልከላ ይህ ጕድለት አለው።

ሁለተኛው ጥያቄ ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። በውጭ አገር በተማርንበት ጊዜ፥ በዝናብ ውስጥ ከሆስፒታል በር ውጭ ቆመው እንጆሪ እንጆሪ የሚሸት ጉም የሚያስወጡ ሰዎችን እናይ ነበር። ከእነርሱ አንዳንዶቹን ስናነጋግር በቀን 2 ፓኮ ሲጋራ ያጨሱ የነበሩ፥ አሁን ግን ከሲጋራ የተላቀቁ ሆነው አገኘናቸው። የእንግሊዝ የሕዝብ ጤና መሥሪያ ቤት በ2015 እ.ኤ.አ. ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ከሲጋራ በመቶ 95 እጅ ያነሰ ጕዳት አለው ብሎ ያወጣው ቃል ለእነዚህ ሰዎች የተነገረ ነበር። እርግጥ ቍጥሩ በሚዛን የተለካ ሳይሆን ጥቂት ባለሙያዎች ተሰብስበው በግምት ያስቀመጡት መሆኑ ብዙ ነቀፋ አስነሥቷል። ይሁንና ሲጋራ ለማቆም ኒኮቲን ያለበት ቬፕ ከፕላስተርና ከማስቲካ የተሻለ እንደሚረዳ፥ ኮክሬን የተባለው ምርምሮችን የሚያመዛዝን ማኅበር በተደጋጋሚ አረጋግጧል። ይህንንም አንሸሽግም።

የሰው ሳንባ እንደ አገሩ አይለያይም። የሚለያየው የሚጠየቀው ጥያቄ ነው። በእንግሊዝ አገር ሐኪሙ የሚጠይቀው «ይህ ሰው ከሲጋራው ወደ ቬፕ ቢሻገር ይሻለዋል ወይ?» ብሎ ነው። በኢትዮጵያ ግን በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ትምባሆ የሚጠቀመው አዋቂ ሰው ከመቶ 5 ያህል ብቻ ሆኖ ተገኝቷል። እንግዲህ በዚያ አዳራሽ ተቀምጠው ከነበሩት ተማሪዎች አብዛኞቹ ሲጋራ ቀምሰው አያውቁም። ለእነርሱ ቬፕ የሚነጻጸረው ከሲጋራ ጢስ ጋር ሳይሆን ከነሪ ወንዝ ዳር ከሚነፍሰው አየር ጋር ነው። ያን ጊዜ «በመቶ 95 እጅ ይሻላል» የሚለው ቃል ምንም አይነግራቸውም። በአሜሪካ በ2019 እ.ኤ.አ. ከሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ከመቶ 27 የሚበልጡት በአንድ ወር ውስጥ ቬፕ መጠቀማቸው የተመዘገበ ሲሆን፥ ከእነዚህ መካከል ብዙዎቹ የሚተዉት ሲጋራ ያልነበራቸው ልጆች ነበሩ። እንግሊዝም ብትሆን አንድ ጊዜ ተስበው የሚጣሉትን ቬፖች ከሰኔ 1 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንዳይሸጡ ከልክላለች።

በዚህ ላይ ተጠራጣሪነት ለሁሉም ወገን እኩል ሊደርስ ይገባዋል እንላለን። የመንግሥትን ቃል በአጉሊ መነጽር የሚያይ ሰው፥ የሻጩን ቃል በባዶ ዓይን ሊቀበለው አይገባም። ንጹሕ ሲጋራ አመጣንላችሁ ሲባል ይህ የመጀመሪያው አይደለም። ከ1952 እስከ 1956 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ይሸጥ የነበረው ኬንት የተባለው ሲጋራ፥ ልዩ ማጣሪያ ስላለው ለጤና የሚያስቡ ሰዎች የሚመርጡት ነው ተብሎ ይነገርለት ነበር፤ ማጣሪያው የተሠራው ከአስቤስቶስ ነበር። አስቤስቶስ ወደ ሳንባ ሲገባ ካንሰር የሚያመጣ ማዕድን ነው። በእኛው ዘመን ደግሞ ጁል የተባለው የቬፕ ኩባንያ ዕቃውን ለወጣቶች አስተዋውቋል ተብሎ ተመርምሮ፥ በ2022 እ.ኤ.አ. ለ33 የአሜሪካ ክፍለ ሀገሮችና ለፖርቶ ሪኮ ወደ 440 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል።

ሦስተኛው ጥያቄ ከሁሉ የከበደን ነው፤ በአዳራሹ ውስጥ ዝም ያሰኘንም እርሱ ነው። አዋጅ ቍጥር 1112/2011 ኤሌክትሮኒክ ሲጋራንና ሺሻን ከነጭራሹ ከልክሏል። ሲጋራን ግን አልከለከለም፤ ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው እንዳይሸጥ፥ በሕዝብ መሰብሰቢያ ቤት ውስጥ እንዳይጨስ፥ እንዳይተዋወቅ፥ ከፓኮውም ፊትና ጀርባ 70 በመቶው የጕዳት ሥዕል እንዲሸፍነው አዘዘ እንጂ። አገራችን የዓለም ጤና ድርጅትን የትምባሆ ቍጥጥር ስምምነት ያጸደቀችው በ2006 ዓ.ም. ነበር። በ2012 ዓ.ም. በወጣው የኤክሳይዝ አዋጅም በሲጋራ ላይ 30 በመቶና በየፓኮው 8 ብር ተጣለ።

ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን ተማሪው የማያውቀው፥ አባቱና አያቱ ግን የሚያውቁት ነገር አለ። በ1942 እ.ኤ.አ. ሞኖፖሉ ከተቋቋመ ጀምሮ ለረጅም ዘመን የትምባሆው ፋብሪካ የመንግሥት ነበር፤ ኒያላ ሲጋራን የሚያመርተውና የሚሸጠው መንግሥት፥ በጤና መሥሪያ ቤቱ በኩል ደግሞ «አታጭሱ» የሚለው ያው መንግሥት ነበር። በ2016 እ.ኤ.አ. የጃፓን ትምባሆ ኩባንያ ከድርጅቱ 40 በመቶውን በ510 ሚሊዮን ዶላር ገዛ፤ በሚከተለው ዓመትም ድርሻውን ወደ 71 በመቶ ገደማ አሳደገ። በአንድ እጁ ሲሸጥ በሌላው እጁ ሲያስጠነቅቅ የኖረ መንግሥት፥ ስለ አዲሲቱ ዕቃ ሲያስጠነቅቅ ሕዝቡ «ገበያው ተሻማበት እንጂ ጤናችን አሳስቦት ነው?» ብሎ ቢጠራጠር አንፈርድበትም።

እውነተኛው መልስ ይህ ይመስለናል፤ ሲጋራ ሕግ ሳይኖር የገባ አሮጌ እንግዳ ነው። በሱሱ የተያዙት ብዙ ስለ ሆኑ በአንድ ቀን ማስወጣት አልተቻለም፤ ስለዚህ ቀስ በቀስ ቦታው እየጠበበ እንዲሄድ ተደረገ። ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ግን ገና በሩ ላይ ያለ እንግዳ ነው፤ በሩ ላይ ያለውን መመለስ ይቀላል። እንዲህ ያደረጉ አገሮች በ2023 እ.ኤ.አ. 34 ነበሩ። የሲጋራው መፈቀድ የደኅንነቱ ምስክር አይደለም፤ የዘገየ ሥራ ምልክት ነው። ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት ለልጆች በፍሬ መሸጡ ደግሞ የማንም ፈቃድ የሌለበት፥ የእኛና የደንብ አስከባሪዎች ቸልታ ያቈየው ነገር ነው።

ቸልታችን በዚህ ብቻ አያበቃም። ቅዳሜ ወደ ጂንካ ገበያ የወጣ ሰው ትምባሆ ሲሸጥ ሳያይ አይመለስም። በቆላው በብዙ መንደር ትምባሆ ለሽማግሌና ለእንግዳ የሚቀርብ የአክብሮት ስጦታ ነው፤ ይታኘካል፥ በሱረት መልክ በአፍንጫ ይሳባል፥ በጋያም ይጨሳል። እኛ ራሳችን ለክትባት ሥራ ወደ ቆላ ስንወርድ የመንደሩን ሽማግሌ ለማነጋገር ትምባሆ ይዘው የሄዱ ባልደረቦች እንደ ነበሩን እናስታውሳለን፤ የከለከላቸውም አልነበረም። በጥቂት የከተማ ልጆች ኪስ ስላለችው ቬፕ በድምፅ ማጉያ እየጮኽን፥ በሺሕ አፍና አፍንጫ ስለሚገባው ትምባሆ ግን በሹክሹክታ እንናገራለን። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ልጆችን መገሠጽ ይቀላል፥ ሽማግሌን ግን ያስፈራል።

ያ ተማሪ ካጠየቀን 7 ወር በኋላ፥ ኅዳር 5 ቀን 2018 ዓ.ም.፥ በከተማችን የማርበርግ ቫይረስ በሽታ መከሠቱን የጤና ሚኒስቴር አረጋገጠ። በአገራችን ይህ በሽታ ሲታወቅ የመጀመሪያው ነበር፤ ከተያዙት መካከልም የጤና ባልደረቦች ነበሩ። በእነዚያ ቀናት በመናኸሪያው ቆመን፥ የታመመና የሞተ ሰው በባዶ እጅ እንዳይነካ፥ መጨባበጥ እንዲቀር፥ ትኵሳት ያለበት ሰው ሳይውል ሳያድር እንዲያመለክት ስንለምን፥ አንድ በዕድሜ የገፉ አባት ቆመው አዳመጡንና፥ «ልጆቼ፥ እናንተ እኮ ማጋነን ትወዳላችሁ፤ ልጄ ስለዚያች ማንጎ ማንጎ ስለምትሸተው ጢስ የነገራችኋቸውን ነግሮኛል» አሉን።

እንዲህ ያለ ቃል በእንዲያ ያለ ቀን መስማት ምን እንደሚመስል ለአንባቢ መግለጽ ያስቸግረናል። በሚያዝያ ያባከንነውን እምነት በኅዳር ተጠየቅነው። የመናኸሪያው ሰው ሁሉ መልሳችንን ሲጠብቅ፥ ስለ ጢሱ ያጋነንነው እውነት መሆኑን እዚያው ተናገርን። ከዚያም ስለ አሁኑ በሽታ የምናውቀውንና የማናውቀውን ለየን፤ ከታመመው ሰው ሰውነት በሚወጣ ፈሳሽ በመንካት እንደሚተላለፍ እናውቃለን፤ ለሕዝብ የተፈቀደ ክትባትም ሆነ መድኃኒት እስካሁን የለውም፤ ቶሎ ሕክምና ያገኘ ሰው ግን የመዳን ዕድሉ ይጨምራል፤ ወደ ከተማችን በማን በኩል እንደ ገባ ገና እየተመረመረ ነው፥ አናውቅም። ሽማግሌው «አናውቅም ስትሉ ዛሬ ገና ሰማኋችሁ» ብለው እጃቸውን ሳይዘረጉልን በአንገታቸው ሰላምታ ሰጥተውን ሄዱ።

ወረርሽኙ ማብቃቱ የታወጀው ጥር 18 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። እንዲህ ያለ አዋጅ በሽተኛ ጠፋ በተባለ ማግስት አይነገርም፤ በሽታው በሰው ውስጥ ተደብቆ የሚቈይበት የመጨረሻው ጊዜ 21 ቀን ስለ ሆነ፥ የእርሱ እጥፍ 42 ቀን ያለ አዲስ በሽተኛ ይቈጠራል። ያን ቍጥር በየዕለቱ ከሕዝቡ ጋር አብረን ስንቈጥር ከረምን።

በየካቲት የመጀመሪያ ቀናት ወደዚያው ትምህርት ቤት ሄደን፥ ርእሰ መምህሩን አስፈቅደን፥ ለዚያው ክፍል ንግግር አደረግን። ያ ተማሪ አሁን 12ኛ ክፍል ሆኖ ከፊት ተቀምጦ ነበር። ፈንዲሻውን ነገር አነሣንና ስሕተታችንን አረምን፤ ሌሎቹንም ሁለት ጥያቄዎች ከላይ እንደ ጻፍነው መለስን። ያጨበጨበ አልነበረም።

ስንወጣ የሥነ ሕይወቱ መምህር በፖስታ ያሸጉትን አንድ ነገር ሰጡን። ቬፕ ነበረች። ከተማሪ ነጥቀው ሳይሆን፥ ተማሪው ራሱ አምጥቶ የሰጣቸው መሆኑን ነገሩን። መምህራን እንዲህ ያለ ዕቃ ሲደርሳችሁ ወደ እሳት ወይም ወደ ቈሻሻ ክምር እንዳትጥሉት እናሳስባለን፤ ባትሪው ሊፈነዳ ይችላል፤ ፈሳሹንም ትንሽ ልጅ ቢቀምሰው መርዝ ነው። ወደ ጤና ጣቢያ ላኩት። ያመጣውንም ልጅ ከትምህርት ቤት አታባርሩት፤ የሚቀጥለው ልጅ አያመጣላችሁም።

በግቢው ዛፍ ሥር ያ ባለ ሦስት ጥያቄ ተማሪ ይጠብቀን ነበር። ዕቃይቱ የእርሱ እንደ ነበረች ያኔ አወቅን። ከአንድ ዓመት በፊት ወንድሙ ከአዲስ አበባ ሲመጣ እንደ ሰጠው፥ ከዚያ ወዲህ በየክፍለ ጊዜው መካከል ሳይስብ መቀመጥ እንዳቃተው፥ ሁለት ጊዜ ለመተው ሞክሮ በሁለተኛው ቀን ራሱን እያመመውና ሰው ሁሉ እያስጠላው እንደ ተመለሰባት ነገረን።

«ዶክተር፥ አራተኛ ጥያቄ አለኝ» አለ። «ይኼ ነገር ስንት ቀን ይቈያል?»

የመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት ከሁሉ የከፉ እንደ ሆኑ፥ ከሳምንት በኋላ እየቀለለ እንደሚሄድ፥ አብዛኛው ሰው ከ3 እስከ 4 ሳምንት ውስጥ እንደሚረጋጋ፥ አልፎ አልፎ ግን ከዚያም በኋላ ድንገት ሊያምረው እንደሚችል ነገርነው። በጣቶቹ ቈጠረ።

«እስከ ዓድዋ በዓል ማለት ነው» አለ።

«ወይም ጥቂት ቀን አልፎ» አልነው።